ማንም ወዳልቆመበት ነጥብ

በሰሜን ስዊዘርላንድ የአሬ ወንዝ ራይንን ከመቀላቀሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ፊሊገን በምትባል መንደር ሥር ያልፋል። ወይን የለበሰ ተዳፋት፣ ደንና ማሳ፣ ከዚያም በወንዙ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሰፋፊ አዳራሾች ይታያሉ። በአንደኛው ዳርቻ በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኑክሌር ፊዚክስ ተቋም ተመሠረተ፤ በሌላው ዳርቻ የሪአክተር ምርምር ተቋም ነበር፤ በ1988 ሁለቱ ተዋህደው የፖል ሸረር ተቋም ተባሉ። የመንገደኛ ዐይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ትልቁ ክብ ሕንፃ የሲንክሮትሮን ብርሃን የሚመነጭበት ነው። የዚህ ማስታወሻ ጉዳይ ግን በሌላው፣ በኮንክሪት ብሎኬት በታጨቀው የሙከራ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራው ነው፤ ፓዮን የተባለ ዕድሜው አጭር ቅንጣት ዝግ ብሎ ከፕሮቶን ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን መለካት። እንዲህ ያለ ስፍራ የጉዞ ማስታወሻ የሚገባው ለመልክአ ምድሩ ብቻ አይደለም። ከዚህ የሚነሣው መንገድ የሚያመራው የትኛውም ጨረር፣ የትኛውም መሣሪያ ሊቆምበት ወደማይችል ነጥብ ነው። የምሟገተውም ለዚህ ነው፤ ማንም ሊቆምበት የማይችለውን ነጥብ ማወቅ የሚቻለው ከተለያየ አቅጣጫ ወደ እሱ የሚያመሩት መንገዶች በየራሳቸው በጥንቃቄ ሲለኩ ብቻ ነው። ስለዚህ የዝቅተኛ ኢነርጂ ልኬት ያለፈ ዘመን ፊዚክስ ትርፍራፊ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ገና ያላለቀ ዋና ሥራ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሳይክሎትሮን ከ1974 ጀምሮ ፕሮቶኖችን እያፋጠነ 590 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያደርሳቸዋል፤ ይህም የብርሃንን ፍጥነት 79 በመቶ ያህል ነው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ጨረሩ ከ2 ሚሊ አምፔር በላይ ይሆናል፤ በየሴኮንዱ ከ10 ሺህ ትሪሊዮን የሚበልጡ ፕሮቶኖች ማለት ነው። ጨረሩ እየዞረ ራሱን የሚያቀዘቅዝ የግራፋይት ጎማ ይመታል፤ ከግራፋይቱ አስኳሎች ፓዮኖች ይፈናጠራሉ፤ ማግኔቶች የሚፈለገውን ፍጥነት ያላቸውን እየመረጡ ወደ ሙከራ ቦታዎቹ ይነዷቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የተሸከመ ፓዮን ዕድሜው በአማካይ 26 ናኖ ሴኮንድ ነው። 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ያለው ፓዮን ከመክሰሙ በፊት በአማካይ 17 ሜትር ይጓዛል፤ 20 ብቻ ያለው ግን 4 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አሥር ሜትር በሚረዝም መንገድ ላይ ከእነዚህ ዝግተኞች ከአሥሩ አንዱ ብቻ ይደርሳል፤ የቀሩት ሚዩዮን ወደተባለ ሌላ ቅንጣት ተለውጠው፣ ፓዮን መስለው ከጨረሩ ጋር ተቀላቅለው ይመጣሉ። በዚያ ላይ ዝግ ያለ ቅንጣት በኤሌክትሪክ ኃይል በቀላሉ ከመንገዱ ስለሚታጠፍ፣ በትንሽ ማዕዘን የሚበተኑት ላይ የሚታየው በአብዛኛው የኤሌክትሪኩ ሥራ ነው፤ አስኳልን አጣብቆ የሚይዘው የጠንካራው ኃይል ድርሻ ከሥሩ ተሸሽጎ ይቀራል። በዚህ ዓይነት ልኬት ኢነርጂው ዝቅ ባለ ቁጥር ሥራው ይከብዳል፤ ለሩቅ ታዛቢ ግን ተቃራኒው ይመስለዋል።

የፓዮን ታሪክ ራሱ በከፍታ የተጀመረ ጉዞ ነው። ሂደኪ ዩካዋ በ1935 ፕሮቶንና ኒውትሮንን በአስኳል ውስጥ አጣብቆ የሚይዝ፣ ክብደቱ በኤሌክትሮንና በፕሮቶን መካከል የሆነ ቅንጣት መኖር እንዳለበት ተነበየ። ቅንጣቱ የተገኘው በ1947 ነው፤ የብሪስቶሎቹ ሴሲል ፓወል፣ ጁሴፔ ኦኪያሊኒና ሴዛር ላቴስ ልዩ የፎቶግራፍ ሳህኖችን መጀመሪያ በፒሬኔ ተራሮች በፒክ ዱ ሚዲ፣ በኋላም በቦሊቪያ ከ5000 ሜትር በላይ በሆነው ቻካልታያ ላይ አስቀምጠው፣ ከሰማይ የሚወርደው የኮስሚክ ጨረር የተወውን ዱካ በማይክሮስኮፕ ፈለጉ። በማግሥቱ ዓመት ላቴስና ዩጂን ጋርድነር በበርክሌይ ሳይክሎትሮን ላይ ፓዮን በሰው እጅ መሠራቱን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ተራራ መውጣት አላስፈለገም። ኤንሪኮ ፈርሚና ባልደረቦቹ በ1951 እና 1952 በቺካጎ ፓዮኖችን በሃይድሮጅን ላይ ሲተኩሱ፣ የመበተኑ ዕድል ከኢነርጂው ጋር በሚያስደንቅ ፍጥነት ሲያሻቅብ አዩ፤ ወደ 190 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያለው ይህ ጫፍ ዛሬ ዴልታ የምንለው የፕሮቶን የተቀሰቀሰ ሁኔታ ነው። ጫፉ ዐይን ይስባል፤ ተመራማሪውም ወደ ጫፉ፣ ከዚያም ወዲያ ወዳሉት ሌሎች ጫፎች ሄደ። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ከእነዚያ ጫፎች ዝርዝር ነው በፕሮቶን ውስጥ ያሉት ኳርኮች የታሰቡት። ይሁንና ከጫፉ በታች ያለው ዝቅተኛ ሜዳ ለረጅም ጊዜ መተላለፊያ እንጂ መድረሻ ተደርጎ አልታየም፤ ይህ በእኔ ግምት ዋጋ ያስከፈለ ቸልታ ነው።

ምክንያቱም ጠንካራው ኃይል የባሕርይውን ጥልቅ ክፍል የሚገልጠው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በከፍተኛ ኢነርጂ ኳርኮች ነፃ መስለው ስለሚንቀሳቀሱ ስሌቱ ይቃለላል፤ በዝቅተኛው በኩል ያው ንድፈ ሐሳብ በቀጥታ የማይፈታ ይሆናል። ሆኖም ተፈጥሮ አንድ መያዣ ሰጥታለች። አፕና ዳውን የሚባሉት ኳርኮች ክብደት አልባ ቢሆኑ ኖሮ፣ ንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ያለው ካይራል የሚባለው ተመሳስሎ ፍጹም በሆነ፣ ፓዮኑም ክብደት ባልኖረው፣ ፈጽሞ የረጋ ፓዮንም ፕሮቶንን ባልነካው ነበር። በእውነቱ ዓለም ኳርኮቹ ጥቂት ክብደት ስላላቸው ፓዮን፣ ክብደቱ በኢነርጂ መለኪያ ሲገለጽ፣ 140 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይመዝናል፤ የፕሮቶንን አንድ ሰባተኛ ማለት ነው። ስቲቨን ዋይንበርግና ዩኪዮ ቶሞዛዋ በ1966 ከዚህ ተመሳስሎ ተነሥተው ፓዮን ፕሮቶኑን በመጨረሻው ዝግታ ሲያገኘው ግንኙነቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት አሰሉ። በመስኩ በተለመደው መለኪያ፣ በፓዮኑ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀያየረው ክፍል 79 ሺህኛ አካባቢ፣ በምልክት የማይለወጠው ክፍል ደግሞ ዜሮ ይሆናል አሉ። ከአሥርት ዓመታት ልኬት በኋላ የመጀመሪያው 86 ሺህኛ ገደማ፣ ሁለተኛው ከአንድ መቶኛ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጠንካራ የተባለው ኃይል ከዝቅተኛው ደጃፉ ላይ ይህን ያህል ለስላሳ ሆኖ መገኘቱ፣ ለስላሳነቱም አስቀድሞ መታወቁ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፊዚክስ ውስጥ ከሚያኮሩት ነገሮች አንዱ ነው።

ከዚህ ለስላሳነት ውስጥ አንድ ቁጥር ይወጣል። ፕሮቶን 938 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የመጣው ከውስጡ ካሉት ኳርኮችና ግሉዎኖች ኢነርጂ ነው። የአፕና የዳውን ኳርኮች የራሳቸው ክብደት ያዋጣው ድርሻ ስንት ነው? ይህ ድርሻ ሲግማ ይባላል። ጥያቄው ሚዛን ላይ ወጥቶ የሚመለስ አይደለም፤ ኳርኮቹን ክብደት አልባ አድርጎ ፕሮቶኑን እንደገና መመዘን ለማንም አልተሰጠም። በ1971 ቼንግና ዳሸን ግን ሲግማ በፓዮንና በፕሮቶን መበተን ውስጥ በአንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ በትንሽ እርማት ብቻ እንደሚነበብ አሳዩ። ነጥቡ ግን ከሚቻለው ሁሉ ውጭ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ፓዮኑ ከዕረፍቱ በታች መርጋት፣ የመበተኑ ማዕዘንም ማንም ማዕዘን ሊሆን የማይችለውን መሆን አለበት። በሒሳብ አለ፤ በላቦራቶሪ የለም።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪው ይነሣል፤ ተጠራጣሪነቱም ትክክል ነው። መሣሪያ በማይደርስበት ነጥብ ላይ ያለን ዋጋ ከተለካው ተነሥቶ መናገር ግምት ነው እንጂ ልኬት ነው ወይ? መልሱ ግምትን ከግዴታ መለየት ላይ ነው። በተለኩ ነጥቦች መካከል ደስ ያለንን መስመር ስለን ብናራዝመው ኖሮ በእርግጥ ግምት ይሆን ነበር። ነገር ግን የመበተኑ መጠን እንደፈለገ የሚሄድ አይደለም። ውጤት ከምክንያቱ ሊቀድም አይችልም፤ የሁሉም ዕድሎች ድምር ከአንድ ሊበልጥ አይችልም፤ ፓዮን ከፕሮቶን የሚበተንበትና ሁለት ፓዮኖች ተላትመው ፕሮቶንና ፀረ ፕሮቶን የሚወልዱበት ሂደት የአንድ ሒሳብ ሁለት ገጾች ናቸው። እነዚህ ሦስት ግዴታዎች አንድ ላይ ሲታሰሩ መስመሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ አጥብቀው ይወስናሉ። በካርልስሩህ የጌርሃርድ ሆለር ቡድን በ1970ዎቹና ከዚያ በኋላ የደከመው በዚህ ነበር፤ በ2015 ማርቲን ሆፈሪክተርና ሦስት ባልደረቦቹ የሮይና ስታይነር እኩልታዎች በሚባሉት ያንኑ ሥራ እስከ ዛሬ ከተሠራው ሁሉ በላቀ ጥንቃቄ ደግመውታል። ስለዚህ መንገዱ አለ። የተጠራጣሪው እውነት ግን ይቀራል፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ በመነሻው ላይ ያለች ትንሽ ስህተት በመድረሻው ላይ ትገዝፋለች። ይህ ለእኔ ልኬቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የሚያስገድደኝ መነሻውን እንድጠብቅ ነው።

መነሻው ደግሞ ለረጅም ጊዜ አስተማማኝ አልነበረም። በ1970ዎቹ ሦስት የሜዞን ፋብሪካ የተባሉ ማሽኖች ተነሡ፤ በኒው ሜክሲኮ ሎስ አላሞስ ደጋ ላይ የተዘረጋው ቀጥ ያለ ማፋጠኛ፣ በቫንኩቨር ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የትራያምፍ ግዙፍ ሳይክሎትሮን፣ እና የፊሊገኑ። አወንታዊ ፓዮን በፕሮቶን ላይ ሲበተን በአውሮፓ ተለክቶ በ1976 የወጣው ውጤትና በሎስ አላሞስ ተለክቶ በ1983 የወጣው፣ እያንዳንዱ ከጠቀሰው የስህተት ወሰን በላይ ተራራቁ። ሁለቱም ቡድኖች የተበተኑትን ፓዮኖች በትጋት ቆጥረዋል። ከባዱ ስንት ፓዮን እንደገባ ማወቅ ነው፤ ከጨረሩ ውስጥ ስንቱ ፓዮን፣ ስንቱ ሚዩዮን፣ ስንቱ ኤሌክትሮን እንደሆነ። በሁለት ገበያ ሁለት ነጋዴዎች እህሉን እኩል በታማኝነት እየሰፈሩ ቁናቸው ግን ካልተካከለ፣ ስፍሩን ደጋግሞ መቁጠር ጠቡን አይፈታውም፤ ቁናውን ማመሳከር ያስፈልጋል። ትራያምፍ ላይ የተሠራው ካዮስ የተባለ ሰፊ ማዕዘን የሚያይ መሣሪያ በ2006 በወጣው ውጤቱ፣ ሁለቱንም ዓይነት ፓዮኖች ከ20 እስከ 43 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ በብዙ ማዕዘን በአንድ ጊዜ የለካው ለዚህ ነው። በመካከሉ ግን የተመረጠው መረጃ መልሱን ይወስን ነበር፤ በ1991 ጋሰር፣ ሎይትቪለርና ሳይኒዮ ከካርልስሩህ ትንታኔ ተነሥተው ለሲግማ 45 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ አገኙ፤ በ2002 አዳዲስ መረጃዎችን ያካተተ የአሜሪካ ትንታኔ 60ን ተሻገረ። ፓዮን ከፕሮቶን ጋር የሚጣመርበት ጥንካሬም ሳይቀር በዚሁ ዘመን ከ0.079 ወደ 0.075 አካባቢ ወርዷል። የድሮ መረጃ ይበቃናል የሚለው ክርክር ያለ ብዙ ድካም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም መንገዶች ልቤ የሚያደላው ግን ጨረሩን ትቶ ፓዮኑን ጨርሶ ወደሚያስቆመው ነው። አሉታዊ ፓዮን በሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ ሲረጋ የኤሌክትሮኑን ቦታ ወስዶ ፕሮቶኑን ይዞራል፤ ኤሌክትሮንን 273 ጊዜ ስለሚከብድ ምሕዋሩ ከተለመደው ሃይድሮጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ይጠባል፤ 222 ፌምቶሜትር ያህል ይሆናል። ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ሲወድቅ ኤክስሬይ ይለቃል፤ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው ሲወርድ 2886 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። ፕሮቶኑ ፓዮኑን የሚስበው በኤሌክትሪክ ብቻ ቢሆን ይህ ቁጥር እስከ ጥቃቅኑ ይታወቅ ነበር። በታችኛው ደረጃ ላይ ግን ፓዮኑ የጠንካራውን ኃይል ደጃፍ ስለሚነካ ቁጥሩ ትንሽ ይዛነፋል። ስለዚህ የሚለካው የጨረር ብዛት መሆኑ ይቀርና የአንድ መስመር ቦታና ስፋት ይሆናል፤ ቁና አያስፈልግም ማለት ነው። በፊሊገን ፓዮኖችን በመግነጢስ ጠምዝዞ በጥቂት ጋዝ ውስጥ የሚያረጋ ወጥመድ፣ ኤክስሬዩን የሚያንጸባርቁ የተጎበጡ የኳርትዝና የሲሊኮን ክሪስታሎች፣ ከፊት ለፊትም የካሜራ ዓይነት ሲሲዲ መመርመሪያዎች ተደርድረው ለዓመታት ሠሩ። በ2014 የወጣው መዛነፍ 7.0858 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ከጠቅላላው የ3238 ማሰሪያ ኢነርጂ አንጻር ከሺህ ሁለት እጅ ቢሆን ነው፤ የስህተት ወሰኑ ግን ከአንድ መቶኛ ኤሌክትሮን ቮልት ያንሳል። የመስመሩ ስፋት በ2021 0.856 ሆኖ ወጣ፤ እሱ ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም አተሙ ከሌላ ሞለኪውል ጋር ሲጋጭ ፍጥነት አግኝቶ መስመሩን በራሱ ስለሚያሰፋው፣ ያን ለመለየት ፓዮን የሌለበትን የሚዩዮን ሃይድሮጅን ጭምር መለካት አስፈልጓል። ይህ መንገድም ንጹሕ አይደለም፤ ከመዛነፉ ወደ ጠንካራው ኃይል ለማለፍ የአፕና የዳውን ክብደት ልዩነትና የኤሌክትሪክ እርማቶች በንድፈ ሐሳብ መቀነስ አለባቸው። ጥቅሙ ስህተቱ ከጨረሩ ስህተት ፈጽሞ የተለየ ዘር መሆኑ ነው።

የክርክሬ ዋና ማስረጃም ይኸው ነው። ከፓዮን አተሞች የተነሣው የ2015ቱ ስሌት ለሲግማ 59.1 ሲደመር ሲቀነስ 3.5 ሰጠ። ከዚያ በ2018 አተሞቹን ወደ ጎን ትቶ ከመበተን መረጃ ብቻ የተነሣ ትንታኔ 58 ሲደመር ሲቀነስ 5 አገኘ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት የስህተት ዘሮች ተሸክመው የመጡ ሁለት መንገዶች በማይደረስበት ነጥብ ላይ ተገናኙ። ብልህ ተከራካሪ ግን ሌላ ነገር ያነሣል፤ ኮምፒውተር እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቦታንና ጊዜን በጥልፍልፍ ነጥቦች ከፋፍሎ ንድፈ ሐሳቡን በቀጥታ የሚፈታው ስሌት፣ የኳርክን ክብደት እንደፈለገ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚችል፣ ለላቦራቶሪ የተከለከለውን ሚዛን በእጁ ይዟል። እውነት ነው፤ ዘዴው ታላቅ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የጥልፍልፍ ስሌቶች ለሲግማ ወደ 40 አካባቢ ሲሰጡ ቆዩ፤ በ2016 የወጣው የአንድ ትልቅ ቡድን ውጤት 38 ነበር። በ2021 ራጃን ጉፕታና ባልደረቦቹ፣ ከሎስ አላሞስ፣ ፕሮቶኑ ለአፍታ ከፓዮኖች ጋር አብሮ የሚታይባቸውን ሁኔታዎች በትንታኔው ውስጥ ሲያካትቱ ቁጥራቸው ከ40 ገደማ ወደ 60 ገደማ አሻቀበ። ጉዳዩ አላለቀም፤ ሌሎች ቡድኖች ይከራከራሉ። ሆኖም ስሌቱን ወደ ጎደለው ነገር እንዲመለከት ያስገደደው የልኬቱ አለመስማማት ነበር። ልኬቱ ባይኖር ኖሮ 38 የሚለው ቁጥር ማንም ሳይጠይቀው በመማሪያ መጻሕፍት ይቀመጥ ነበር።

ሃያ ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ልዩነት ለማን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ጨለማ ቁስ የሚባለውን ለሚፈልጉ ይጠቅማል። በከርሰ ምድር በዜኖንና በጀርማኒየም ለሚጠብቁት ሙከራዎች፣ ያልታወቀው ቅንጣት በሂግስ ዓይነት አገናኝ በኩል አስኳልን የሚነካ ከሆነ፣ የመነካቱ ዕድል የሚወሰነው ፕሮቶን ከኳርኮቹ ክብደት ምን ያህል ባገኘው ላይ ነው። ጆን ኤሊስ፣ ኪት ኦሊቭና ክሪስቶፈር ሳቬጅ በ2008 ይህን አስልተው፣ ከትልልቆቹ የእርግጠኝነት ማጣት ምንጮች አንዱ ሲግማ ስለሆነ የተሻለ ልኬት ይደረግ ብለው ተማጽነዋል። ቢሊዮኖች የወጡበት ፍለጋ ባዶ እጅ ሲመለስ፣ የተሰረዘው ንድፈ ሐሳብ በትክክል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የዚህን ዝግተኛ ቅንጣት ውል መፍታት ያስፈልጋል ማለት ነው። ግኝት የሚገኘው በከፍተኛው ኢነርጂ ነው የሚለውን አባባል ስለዚህ በከፊል ብቻ እቀበላለሁ፤ አዲስ ቅንጣት እዚያ ሊገኝ ይችላል፤ የተገኘው ነገር ከአስኳል ጋር የሚኖረው ግንኙነት ግን የሚሰላው ከዝቅተኛው ነው።

ዛሬ የሎስ አላሞስና የቫንኩቨር ማሽኖች ለሌላ ሥራ ውለዋል፤ ለዝግ ፓዮን ብርቱ ጨረር ካላቸው ጥቂት ስፍራዎች ዋናው ፊሊገን ነው። ያልተዘጉ ቀዳዳዎች አሉ። አሉታዊ ፓዮን ከፕሮቶን ጋር ኤሌክትሪኩን ተለዋውጦ ገለልተኛ ፓዮንና ኒውትሮን የሚሆንበት ሂደት 45 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ወደ ፊት አቅጣጫ ሊጠፋ ይቀርባል፤ ሁለት ክፍሎቹ እርስ በርስ ስለሚሻሩ ነው። በዚህ መሻር ዙሪያ ያለ ማንኛውም ጥቃቅን ልዩነት፣ ፕሮቶንንና ኒውትሮንን የሚያመሳስለው ሕግ ምን ያህል እንደሚጣስ ሊያሳይ ይችላል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለት የተለያዩ ትንታኔዎች ጥሰቱ 7 በመቶ ይደርሳል ብለው ነበር፤ ንድፈ ሐሳቡ የሚጠብቀው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ክርክሩ ሊፈታ የሚችለው ሦስቱ ሂደቶች፣ የአወንታዊው፣ የአሉታዊውና የተለዋዋጩ፣ በአንድ ጨረር፣ በአንድ መሣሪያና በአንድ የቆጠራ ዘዴ ከ20 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ጭምር ሲለኩ ነው። ጨረሩ በአሬ ዳርቻ አለ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ መለካት ደግሞ የሚጠይቀው አጭር መንገድ፣ ቀጭን ዒላማ፣ ሚዩዮኑን ከፓዮኑ በበረራ ሰዓቱ የሚለይ ሰዓት ቆጣሪ፣ እና ለአንድ ቁጥር ዓመታት ለመስጠት የቆረጠ ቡድን ነው።